ሪዮካን ከአገሩ ሲወጣ ማን ያቆመዋል?

ከታይዋን ዋና ከተማ ከታይፔ መሃል በባቡር ወደ ሰሜን ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጓዙ ቤይቱ ከሚባል የፍል ውሃ ሰፈር ይደረሳል። አየሩ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ ከጅረቱም እንፋሎት ይነሣል። እዚያ መንገድ ዳር ከአንድ የድሮ ቤት የተረፉ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ ከጎናቸው ካጋያ የተባለ ባለ 14 ፎቅ ማረፊያ ቆሟል። ደረጃዎቹ በ1896 ተከፍቶ ከነበረው ቴንጉአን ከሚባል የጃፓን እንግዳ ማረፊያ የቀሩ ሲሆኑ፣ ፎቁ ደግሞ በ2010 ታኅሣሥ ወር ሥራ የጀመረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) የመጀመሪያው ከቅኝ ገዥ ጋር የመጣ፣ ሁለተኛው በንግድ ውል የመጣ ነው። ሁለቱም ግን አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸዋል፤ በአንድ ቤተሰብ ጓዳ ውስጥ ያደገን የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት ቤተሰቡ በሌለበት አገር ማን ተሸክሞ ያቆመዋል?

ሪዮካን የጃፓን ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ዕድሜውን ለመገመት ያህል፣ በያማናሺ ግዛት የሚገኘው ኬይዩንካን የተባለ የፍል ውሃ ማረፊያ በ705 እንደተመሠረተ ይነገርለታል፤ የጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብም የዓለም አንጋፋው ሆቴል ብሎ መዝግቦታል። አብዛኛው ሰው ሪዮካንን የሚያውቀው በፎቶግራፍ በመሆኑ በእንጨት ምሰሶው፣ በወረቀት በሩና በትንሿ የአትክልት ቦታው ይለየዋል። እነዚህን ግን ገንዘብና ጎበዝ አናጢ ያለው ሁሉ በፈለገበት አገር ሊያሠራቸው ይችላል። የካጋያ እናት ቤት ራሱ፣ በኖቶ ልሳነ ምድር ዋኩራ በተባለ የፍል ውሃ ከተማ የሚገኘው፣ 20 ፎቅ የሚደርስ የኮንክሪት ሕንፃ ነበር፤ ሆኖም ሪዮካን አይደለም የሚል ጃፓናዊ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን ከሕንፃው ውጪ መፈለግ ያስፈልጋል።

ክፍሉን እንመልከት። ጫማ ደጃፍ ላይ ወልቆ ይቀራል። ወለሉ በታታሚ የተነጠፈ ነው፤ ታታሚ በውስጡ የተጠቀጠቀ ገለባ ያለው፣ ላዩ በደንገል መሰል ሣር የተሸመነ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም ሰሌን ነው። በክፍሉ ውስጥ አልጋ የለም። እንግዳው ከሰዓት በኋላ ሲገባ አጭር ጠረጴዛና መከዳ ብቻ ያገኛል፤ ክፍሉ ሳሎን ነው። ማታ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ካይሴኪ የሚባለው፣ በትንንሽ ሳህን ተከፋፍሎ በቅደም ተከተል የሚቀርበው እራት ይደረደራል፤ ክፍሉ ምግብ ቤት ሆነ ማለት ነው። ከእራት በኋላ ጠረጴዛው ገለል ይልና ፉቶን የሚባለው ፍራሽ ከቁም ሣጥን ወጥቶ ወለሉ ላይ ይነጠፋል፤ ክፍሉ መኝታ ቤት ይሆናል። ጠዋት ፍራሹ ተጠቅልሎ ይነሣል።

በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ መልኩን የሚቀይር ክፍል በራሱ አይቀየርም፤ የሚቀይረው ሰው ያስፈልገዋል። የተራ ሆቴል ክፍል በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም እንግዳው በሌለበት ሰዓት፣ ይጸዳና ይዘጋል። በሪዮካን ግን ሠራተኛዋ እንግዳው እዚያው ተቀምጦ ሳለ አራት አምስት ጊዜ ትገባለች፣ ትወጣለች። የሪዮካን ጣዕሙም ወጪውም ያለው በዚህ መግባትና መውጣት ውስጥ ነው፤ ከአገር ሲወጣ መጀመሪያ የሚናጋውም ይኸው ነው።

ይህችን ሠራተኛ ናካይ ይሏታል። ናካይ አስተናጋጅ፣ አልጋ አንጣፊና አስጎብኚ በአንድነት ናት፤ አንድን ክፍል ከመግቢያ እስከ መሰናበቻ እርሷው ትይዛለች። አገባቧ ብቻውን ትምህርት ነው። ከተንሸራታቹ በር ፊት ትንበረከክና መጀመሪያ አንድ ጋት ያህል ብቻ ትከፍታለች፤ ከዚያ እጇን ወደ በሩ ታች አውርዳ እስከ ግማሽ ትገፋዋለች፤ በመጨረሻም እጅ ቀይራ ቀሪውን ትከፍታለች። የመጀመሪያዋ ስንጥቅ እንደ ማንኳኳት ናት፤ ውስጥ ያለው ሰው ልብሱን እንዲያስተካክል ጊዜ ትሰጠዋለች። ሻይና ጣፋጭ ስታቀርብ እንግዳው በየትኛው እጁ እንደሚያነሣ ታያለች፤ ግራኝ ከሆነ በእራት ሰዓት የመብያ እንጨቶቹ ጫፍ ዞሮ ይጠብቀዋል። ዩካታ የተባለውን የቤት ልብስ ስታመጣ ቁመቱን ገምታ ልኩን ታመጣለች። የውጭ አገር እንግዳ ከሆነ ደግሞ ሳታሳፍረው ታርመዋለች፤ ዩካታ ሲለበስ የግራው ጎን ከላይ መዋል አለበትና፤ የቀኙን ጎን ከላይ አድርጎ የሚለብሰው የሚገነዝ ሬሳ ብቻ ነው።

የናካይ የሥራ ቀን ረጅም ነው፤ መሃሉም የተቆረጠ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ቁርስ ለማቅረብ ትጀምራለች፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ እንግዶቿን ትሸኛለች፤ ከዚያ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ዕረፍት ነው፤ ከ9 ሰዓት በኋላ አዳዲሶቹን ተቀብላ እራት አቅርባ፣ ፍራሽ አንጥፋ እስክትጨርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ያልፋል። ጃፓናውያን ይህን አሠራር ናካኑኬ፣ ማለትም መሃሉ የወጣ፣ ብለው ይጠሩታል። የሚያዋጣው ሠራተኛዋ እዚያው ግቢ ወይም በጣም ቅርብ ስትኖር ብቻ ነው፤ በባቡር አንድ ሰዓት ተጉዛ የምትመጣ ሴት በመሃሉ አምስት ሰዓት ምን ታደርጋለች? በዱሮው ጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ከባሏ የተለየች፣ ልጅ ይዛ መጠጊያ ያጣች ሴት ማደሪያና ምግብ ያለበት ሥራ ስትፈልግ ወደ ፍል ውሃ ከተሞች ትሄድ ነበር። የካጋያ ባለቤቶች ይህን በግልጽ ተቀብለው ለሠራተኞቻቸው መኖሪያና የሕፃናት ማቆያ አንድ ላይ ያለበት ሕንፃ ሠሩ፤ ስሙንም ልጇን በከረጢቷ ከምትይዘው እንስሳ ወስደው የካንጋሩ ቤት አሉት። ስለ ሪዮካን ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ ለእኔ ይህ ከአበባና ከሻይ ሥርዓቱ የበለጠ ያስረዳል።

ከናካዮቹ በላይ ኦካሚ አለች። ቃሉ በጃፓን ጽሕፈት የሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላት «ሴት» እና «የጦር አዛዥ» የሚል ትርጉም አላቸው። ኦካሚ ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ሚስት ናት፤ ባልየው ባንኩን፣ ሕንፃውንና የአካባቢውን ማኅበር ሲይዝ እርሷ እንግዳውንና ሠራተኛውን ትይዛለች። በካጋያ ኦካሚዋ በየምሽቱ ክፍል ለክፍል እየዞረች እንግዶቿን እጅ መንሣቷ የቤቱ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ምራት ሆና የገባች ሴት ዋካ-ኦካሚ፣ ትንሿ ኦካሚ፣ ተብላ ከአማቷ ሥር ለዓመታት ትማራለች። የተጻፈ መመሪያ የለም፤ አማቷ ስታደርግ ታያለች፣ ስትሳሳት ትገሠጻለች። ደሞዝ የሚባለው ነገር በወጉ ያልተለየባቸው ቤቶችም ጥቂት አይደሉም፤ ምክንያቱም እርሷ የቤቱ ሰው እንጂ ተቀጣሪ ተደርጋ አትታይም። የባንክ ብድሩ ዋስም ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ራሱ ነው፤ ቤቱ ከከሰረ ቤተሰቡ አብሮ ይወድቃል። ከእነዚህ ሌላ የእንግዳ መዝገብና ሒሳብ የሚይዘው ባንቶ፣ ወጥ ቤቱን እንደ ግዛቱ የሚያስተዳድረው ዋናው አብሳይ ኢታቾ አሉ።

ኦሞተናሺ፣ ማለትም የጃፓን የእንግዳ መስተንግዶ፣ የሚለውን ቃል በማስታወቂያ የሰማ አንባቢ ይህ ሁሉ የጃፓናውያን የተፈጥሮ ደግነት ይመስለው ይሆናል። ቃሉ በአጠቃቀም ብዛት ተሟጧል። ከሥሩ ያለው ግን የማይከፈልበት የቤተሰብ ሥራ፣ እዚያው የሚኖር ሠራተኛና ለዓመታት በዓይን የተላለፈ ዕውቀት ነው። እነዚህ ሦስቱ በጃፓንም ውስጥ እየሳሱ መጥተዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ80,000 በላይ የነበሩት ሪዮካኖች በ2017 ከ40,000 በታች ወርደዋል። ወራሽ ያጣው ተዘግቷል፤ ሠራተኛ ያጣው ክፍሎቹን ቀንሷል።

መጀመሪያ የተሻገሩት

ከጃፓን ውጪ የተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎች ለሀብታም ቱሪስት የታሰቡ አልነበሩም። በ1885 በመንግሥታት ስምምነት ከ900 በላይ ጃፓናውያን የሸንኮራ አገዳ እርሻ ለመሥራት ሃዋይ ደረሱ፤ ከእነርሱ በኋላም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተከተሉ። ብዙዎቹ የሂሮሺማና የያማጉቺ ገበሬዎች ነበሩ። በሆኖሉሉ ወደብ አካባቢ በ1892 የተመሠረተውን ኮባያሺ ሆቴልን የመሰሉ የጃፓን ማደሪያዎች የተነሡት ለእነዚህ ሰዎች ነው። የማደሪያው ጌታ መርከብ ሲገባ ወደ ወደብ ወርዶ የአገሩን ልጅ ይቀበላል፤ በፍተሻው ጊዜ ያስተረጉምለታል፤ ቅጽ ይሞላለታል፤ ሥራ ያገናኘዋል፤ ወደ አገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ ይቀበላል። በፎቶግራፍ ብቻ ተያይተው ለታጩ ጥንዶች ሠርግ የሚደገሰውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነበር።

እነዚህ ባለማደሪያዎች አባትም ደላላም ነበሩ፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። እንግዳቸው መብትና ቋንቋ ስለሌለው በእነርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እነርሱም ከማደሪያው ኪራይ ይልቅ ሰውን ወደ አሜሪካ ዋና ምድር በማሸጋገር የተሻለ ያገኙ ነበር፤ ይህ መንገድ በ1907 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እስኪዘጋ ድረስ። በሲያትል በ1910 የተሠራው ፓናማ ሆቴልም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በምድር ቤቱ እንደ ጃፓን የሠፈር መታጠቢያ የተሠራ የጋራ ገንዳ ነበረው፤ በ1942 የምዕራብ ጠረፍ ጃፓናውያን ወደ ማጎሪያ ካምፕ ሲወሰዱ ሻንጣቸውን እዚያው ምድር ቤት ውስጥ አስቀምጠው ሄዱ፤ ከፊሉን ተመልሶ የወሰደው አልነበረም። አገልግሎቱ ከካይሴኪና ከዩካታ እጅግ የራቀ ቢሆንም ነገሩ ከሪዮካን ሥር አልወጣም፤ አንድ ቤተሰብ በራሱ ጣሪያ ሥር እንግዳን ያስጠጋል፣ ጉዳዩንም እስከ መጨረሻው ይይዝለታል።

ወደ ቤይቱ እንመለስ። ታይዋን በ1895 በጃፓን እጅ ስትገባ የመጀመሪያዎቹ ደምበኞች ወታደሮችና ሹማምንት ነበሩ። ቴንጉአንን የከፈተው ሂራታ ጌንጎ ከኦሳካ የመጣ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ በሩሲያና በጃፓን ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች በፍል ውሃው እንዲያገግሙ ወደ ቤይቱ ይላኩ ነበር፤ በ1913 ትልቁ የሕዝብ መታጠቢያ ተሠራ፣ በ1916 የባቡር ቅርንጫፍ ተዘረጋ፣ ማረፊያዎቹም በዙ። በ1921 ከተሠሩት አንዱ፣ ካዛን የተባለው የእንጨት ሪዮካን፣ ዛሬ የቤይቱ ሙዚየም ሆኖ ይገኛል።

በ1945 ጃፓን ተሸነፈችና ጃፓናውያኑ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቤቶቹ ግን ከነታታሚያቸው፣ ከነፍል ውሃ ገንዳቸው እዚያው ቀሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለጥያቄያችን ከማናቸውም ንድፈ ሐሳብ የተሻለ መልስ ይሰጣል። በውስጣቸው ኦካሚም ናካይም የሌሉባቸው ቤቶች የመጠጥና የጭፈራ ማደሪያ ሆኑ፤ ቤይቱም እስከ 1979 ድረስ በፈቃድ ይሠራ በነበረ የሴተኛ አዳሪነት ንግድ ታወቀች። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ውሃው ሁሉ አልተለወጠም፤ ሥራው ግን ሌላ ሥራ ሆነ።

ካጋያ በቤይቱ

ካጋያ በ1906 በዋኩራ የተመሠረተ የኦዳ ቤተሰብ ቤት ነው። በጃፓን የጉዞ ወኪሎች በየዓመቱ በሚመርጧቸው 100 ሆቴሎችና ሪዮካኖች ዝርዝር ከ1981 እስከ 2016 ለ36 ዓመታት ሳያቋርጥ አንደኛ ሆኗል። ከታይዋን የሚሄዱ ቱሪስቶች በብዛት ያርፉበት ስለነበር ስሙ በታይፔ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ወደ ቤይቱ የወሰደው ግን የኦዳ ቤተሰብ ገንዘብ አይደለም፤ ሕንፃውን የሠራው የታይዋን የሪል እስቴትና የግንባታ ኩባንያ ነው፤ ካጋያ ስሙንና አሠራሩን አዋጣ። የቤቱ ሙሉ ስም ከኩባንያው ጋር ተዳብሎ ሬዲየም ካጋያ ሆነ፤ ይህ ደግሞ አጋጣሚ ቢሆንም ደስ ይላል፤ በ1905 ኦካሞቶ ዮሃቺሮ የተባለ ጃፓናዊ በቤይቱ ጅረት ውስጥ ያገኘው፣ በጃፓንኛ ሆኩቶ ከሚባለው ከዚሁ ሰፈር ስሙን የወሰደው ሆኩቶላይት የተባለ ማዕድን በውስጡ ሬዲየም ያለበት ነውና።

አሁን የኃላፊነቱን አከፋፈል እናስተውል። በዋኩራ ባለቤቱ፣ አስተዳዳሪው፣ ብድር ተበዳሪውና የስሙ ጠባቂ አንድ ቤተሰብ ነው። በቤይቱ ሕንፃው የአንዱ፣ ስሙ የሌላው ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ በአገሩ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የተቀጠረ ታይዋናዊ ነው። ኦካሚ የሚለው ማዕረግ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሊቀጥል ይችላል፤ ሥልጣኑ ግን ከጋብቻና ከውርስ መምጣቱ ቀርቶ ከሥራ ውል ይመነጫል። በዋኩራ ያለችው ኦካሚ ሥራ ልልቀቅ ብትል ቤቷን መልቀቋ ነው፤ ተቀጣሪዋ ግን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ጽፋ ትሄዳለች። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ቢያንስ ለሴቲቱ የተሻለ ይመስለኛል።

ሥልጠናውን የሰጡት ከዋኩራ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ታይዋናውያኑ ሠራተኞች ተንበርክኮ መቀመጥን፣ ኪሞኖ መልበስን፣ በር መክፈትን፣ በታታሚ ላይ አረማመድን ከሥሩ ተማሩ። ይህ ከባድ ቢሆንም ይቻላል፤ እጅና ጉልበት የሚለምደው ነገር ነው። የሚከብደው ያልተጠየቁትን ማወቅ የሚባለው ክፍል ነው። በጃፓን ናካይዋ እንግዳዋን የምትገምተው በጋራ ባህል ነው፤ ዝምታው ምን እንደሆነ፣ ሳህኑን ሳይጨርስ ሲተው ምን እንደሚል ታውቃለች። በቤይቱ ያው ሠራተኛ ከሦስት ትውልድ ጋር የመጣ የታይዋን ቤተሰብ፣ ቋንቋዋን የማይሰማ አውሮፓዊና እናት ቤቱን አውቆ ለማነጻጸር የመጣ ጃፓናዊ በአንድ ምሽት ትይዛለች። የሦስቱም ዝምታ የተለያየ ነው።

ምግቡም ራሱን የቻለ ድርድር ነው። በካይሴኪ ገበታ ላይ ብዙው ነገር ቀዝቃዛ ነው፤ ጥሬ ዓሣው፣ መክፈቻው፣ በኮምጣጤ የተዘጋጀው አትክልት። በታይዋን ደግሞ ምግብ ከትኩስነቱ ይጀምራል፤ ቀዝቅዞ የመጣ ሳህን ለእንግዳው ንቀት ሊመስለው ይችላል። ዋናው አብሳይ ገበታውን ከነሥርዓቱ ይጠብቅ ወይስ ያሙቀው? ከአገር ውጪ ያለ አብሳይ ሁሉ በየወቅቱ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፤ የካይሴኪ መሠረቱ የወቅቱ ፍሬና ዓሣ በመሆኑ የጃፓንን ወቅት በአውሮፕላን ያስመጣል ወይም ባለበት አገር ያለውን ወቅት መከተል ይጀምራል።

መታጠቢያውም እንዲሁ ነው። ፍል ውሃ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ በፍልውሃ ዙሪያ የተቆረቆረች ናት። ጃፓናውያን ግን አስቀድመው ሰውነታቸውን ሙልጭ አድርገው ታጥበው፣ ራቁታቸውን፣ ወንድና ሴት ተለይተው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ገንዳ ይነከራሉ። በቤይቱ የሕዝቡ ክፍት ገንዳ የዋና ልብስ ግዴታ ነው፤ በአንድ ሰፈር ሁለት ሕግ አለ ማለት ነው። የቤቱ ሰዎች እያንዳንዱን አዲስ እንግዳ ሳያስቀይሙ ማስተማር አለባቸው፤ እንግዳው ልብሱን ላለማውለቅ ከወሰነ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ለብቻው የሚሆን ገንዳ ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል። የአንዳንዱ የቤይቱ ምንጭ ውሃ በአሲድ የበለጸገ ከመሆኑ የተነሣ ብረት ይበላል፤ ቧንቧውን የሚከታተለው ጠጋኝ በእንግዳ ፊት አይታይም እንጂ ከናካይዋ ያላነሰ የቤቱ ምሰሶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዋኩራ ካጋያ እራቱን ከወጥ ቤት ወደየፎቁ የሚያመላልስ አውቶማቲክ ማሽን ከብዙ ዓመታት በፊት ተተክሏል። በሰው እጅ የሚመካ ቤት ማሽን መትከሉ ተቃርኖ ሊመስል ይችላል። ስሌቱ ግን ግልጽ ነው፤ ትሪ ተሸክማ ስትሮጥ የምታልበው ናካይ ከእንግዳዋ ፊት ስትደርስ ደክማለች። ሸክሙ ለማሽኑ፣ ፊቱ ለሰው ተባለ። ከአገር ውጪ የሚሠሩ ሁሉ፣ ሠራተኛ ውድ በሆነበት ቦታ በተለይ፣ ይህን ክፍፍል በየራሳቸው መንገድ ደጋግመው ይሠሩታል፤ የትኛውን ሥራ እንግዳው ሳያይ በማሽን እናሠራለን፣ የትኛውንስ በፍጹም አንነካም?

ያለ ኦካሚ

ሌላ መንገድ የመረጡ አሉ። በ1904 በካሩይዛዋ ከተነሣ ቤተሰብ የወጣውና በአራተኛው ትውልድ ሆሺኖ ዮሺሃሩ የሚመራው ሆሺኖ ሪዞርትስ በ2017 በባሊ ኡቡድ አቅራቢያ፣ በ2019 ደግሞ በታይዋን ጉጉዋን የራሱን ቤቶች ከፍቷል። ይህ ኩባንያ ሕንፃ ባለቤት ከመሆን ይልቅ አስተዳዳሪ መሆንን መርጧል፤ የቤቱን ሕይወት በአንዲት ኦካሚ ላይ ማንጠልጠሉንም ትቷል። አንድ ሠራተኛ ጠዋት መዝገብ ላይ ይቀመጣል፣ ቀን ክፍል ያጸዳል፣ ማታ ምግብ ያቀርባል፤ ሁሉም ሁሉን ይችላል። መሃሉ ባዶ የሆነው የናካይ ቀን የሚሞላው በዚህ ዘዴ ነው፤ የሥራ ሰዓቱ ተከታታይ ስለሚሆን ሠራተኛው እዚያው መኖር አያስፈልገውም። በኡቡድ ያለውን ቤት ስናይ ጣሪያውና ገንዳው የባሊ ናቸው፤ ከሪዮካን የተወሰደው የአገልግሎቱ አደረጃጀት ነው። የካጋያ ሰዎች መልኩንም ሥርዓቱንም አንድ ላይ ይዘው ለመሻገር ሲጥሩ፣ እነዚህኞቹ መልኩን ለአገሬው ትተው አጥንቱን ይዘው ሄዱ።

በጃፓናዊ እጅ ያልተጀመሩም አሉ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ከሳንታ ፌ በላይ ባለው ተራራማ ስፍራ በ1981 የተከፈተው ቴን ታውዘንድ ዌቭስ የተባለው መታጠቢያና ማረፊያ መነሻው የጃፓን የፍል ውሃ ቤቶች ናቸው። አሜሪካዊው እንግዳ እራቱን በክፍሉ እንዲበላ፣ ሠራተኛም በየሰዓቱ እንድትገባበት አይፈልግም፤ የተዘጋ በር ለእርሱ ክብር ነው። ስለዚህ ከሪዮካን መታጠቢያው፣ እንጨቱና ጸጥታው ሲወሰዱ የናካይዋ መግባትና መውጣት ቀርቷል። ይህ ሪዮካን ነው ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ አይደለም ባይ ነኝ፤ ጥሩ ቤት መሆኑን ግን አልክድም።

ተቃራኒውም ደርሷል። ወደ ያማጋታ ግዛት እንግሊዝኛ ለማስተማር የሄደች አንዲት አሜሪካዊት ጊንዛን ኦንሰን በሚባል የፍል ውሃ መንደር የአንድ ሪዮካን ወራሽ አግብታ ኦካሚ ሆና ነበር፤ በጃፓን ቴሌቪዥንም ታውቃ ነበር። ከውጭ የመጣው ሰው በቤተሰቡ በር ከገባ ሥርዓቱ ይቀበለዋል ማለት ነው፤ ሥርዓቱ ራሱ ወደ ውጭ ሲሄድ ግን የሚገባበት የቤተሰብ በር አያገኝም።

ሒሳቡ

የሪዮካን ዋጋ በልማድ የሚሰላው በሰው ነው፤ አንድ አዳርና ሁለት ገበታ በአንድነት። ይህም ወጥ ቤቱ ዛሬ ማታ ስንት ሰው እንደሚበላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበላ አስቀድሞ እንዲያውቅ ያደርገዋል፤ የሚጣል ምግብ የለም፣ የሠራተኛውም ብዛት ይመጠናል። ጃፓናዊ እንግዳ ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል። የውጭ አገር እንግዳ ግን ዋጋን በክፍል ማስላት ለምዷል፤ ሦስት አራት ሌሊት ያድራል፤ በሁለተኛው ቀን ወደ ከተማ ወጥቶ መብላት ይሻል። ሦስት ሌሊት የሚያድር እንግዳ ሦስት የተለያየ ካይሴኪ ይፈልጋል፤ ትንሽ ወጥ ቤት ይህን አይችለውም። በጃፓንም መንግሥት ማደሪያውንና ምግቡን ለይተው እንዲሸጡ ሪዮካኖችን ሲመክር ቆይቷል። ሲለያይ ግን ናካይዋ በእራት ሰዓት ወደ ክፍሉ የምትገባበት ምክንያት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ፍራሽ ማንጠፍ ብቻ ይቀራል፤ እንግዳው አልጋ ይሻለኛል ካለ ደግሞ እርሱም ይቀራል። ሪዮካን ወደ ሆቴልነት የሚንሸራተተው በአንድ ትልቅ ውሳኔ ሳይሆን እንዲህ ባሉ ደረጃዎች ነው።

ሕጉም ይህን መንሸራተት ተከትሎታል። የ1948ቱ የጃፓን የማረፊያ ቤቶች ሕግ ሪዮካንንና ሆቴልን ለየብቻ ያስቀምጥ ነበር፤ ለሪዮካን ቢያንስ 5 ክፍሎች፣ ለሆቴል ቢያንስ 10 ክፍሎች ይጠይቅ ነበር። በ2018 ሰኔ ወር ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ሁለቱ በአንድ የፈቃድ ዓይነት ተጠቃለሉ። ከጃፓን ውጪ ደግሞ መጀመሪያውኑ እንዲህ ያለ መደብ የለም፤ ባለቤቱ ሪዮካን ነኝ ቢልም ከማዘጋጃ ቤት የሚያወጣው የሆቴል ፈቃድ ነው፤ የእሳት መከላከያው፣ የወጥ ቤቱና የሠራተኛ ሰዓቱ ቁጥጥርም በዚያው ይመራል።

በ2024 የመጀመሪያ ቀን፣ ጃፓናውያን አዲስ ዓመትን በፍል ውሃ ቤቶች በሚያሳልፉበት ሰዓት፣ በመጠን 7.6 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ የኖቶን ልሳነ ምድር መታ። የዋኩራ ካጋያ በእንግዳ የተሞላ ነበር። ሠራተኞቹ እንግዶቻቸውን በየደረጃው እየመሩ አውጥተው ወደ መጠለያ ወሰዷቸው፤ ሕንፃዎቹ ክፉኛ ስለተጎዱ ቤቱ ተዘጋ፤ ናካዮቹም ተበተኑ። በዚያ ዓመት ምሽት ላይ ክፍል ለክፍል የሚዞር ሰው በዋኩራ አልነበረም። በቤይቱ ግን ከቴንጉአን ደረጃዎች ጎን ባለው ቤት፣ በዋኩራ ሰዎች የሠለጠኑት ታይዋናውያን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ኪሞኟቸውን አስተካክለው በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበሉ ነበር።